በሩ ላይ የቀረው ወረቀት

ምሰሶ አፉን ከፈተ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ይህ ብቻውን ዜና ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ከዚያ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አለቃው ፊት አስቀመጠ። «የሥራ መልቀቂያዬም ይኸው።»

ማክሰኞ ጠዋት ነው። አለቃው ቁጣቸውን ገና ማሟሟቃቸው ነበር፤ ጥፋተኛ በዚህ ፍጥነት ይገኛል ብለው ስላላሰቡ ጣታቸው አየር ላይ እንደተቀሰረ ቀረ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ቃሪያ ግን እሱን ብቻ አየችው። እሱ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ የጫማውን ክር አየ፤ ከእሷ በስተቀር ያላየው ነገር የለም። ደሟ ፈላ።

ቃሪያ ቢሮው ያወጣላት ስም ነው፤ እናቷ ያወጣችላት ሌላ ነው። ሲያወጡላት አልተቃወመችም፤ ብትቆጣ ኖሮ ስሙ ልክ መሆኑን ራሷ ታረጋግጥላቸው ነበር። ምሰሶም እንደዚሁ ነው፤ ቁመቱ ከበሩ መቃን ጋር ብዙ ጊዜ አጋጭቶታል፣ ንግግሩም የምሰሶን ያህል ነው። አለቃው ፊት ለፊት «ጋሼ» ናቸው፤ ዞር ሲሉ «ጋሽ ነገ»። የተሰበረ ወንበር? ነገ። የተበላሸ ሊፍት? ነገ። ጄነሬተሩማ «ነገ» ከተባለ አምስት ወሩ።

ቢሮው ከጫማ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ አሥራ አንድ ሰው የሚሠራበት የሶፍትዌር ቤት ነው። ትልቁ ደንበኛው የዓይን ክሊኒክ ነው። ለክሊኒኩ የሠሩት ፕሮግራም ከጀርባ ሆኖ ቀጠሮ ያያል፤ ነገ ዓይኑን ለሚታከም ሰው «በዚህ ሰዓት ይምጡ፣ ጠዋት ምንም አይብሉ» ብሎ ዛሬ በስልኩ መልእክት ይልካል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚከፈት መስኮት የለውም፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፣ ማንም አያየውም። ማሽኑ ሲነሳ ይነሳል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ዝም ይላል። የሙያው ሰዎች ዴመን ይሉታል። እዚያ ቢሮ ግን ስሙ «የጓዳ ሠራተኛ» ነው፤ ሳሎን ብቅ ሳይል ቤቱን የሚያቆም ማለታቸው ነው።

እና የጓዳ ሠራተኞቹ ለካ ሥራ ካቆሙ ቀናቸው ነው! አርብ ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ጄነሬተሩ «ነገ» ነበር፣ ማሽኖቹ ወደቁ። መብራቱ ሲመጣ ማሽኖቹ ተነሱ፤ ሠራተኞቹ አልተነሱም። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ አንድም መልእክት አልወጣም። ሐኪሞቹ ክሊኒክ ቆመው ታካሚ ሲጠብቁ፣ ታካሚው ቤቱ ቁጭ ብሎ መልእክት ሲጠብቅ ተላለፉ። መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው!

«አንተ?» አሉ ጋሽ ነገ በመጨረሻ። «ከሰው ሁሉ አንተ? እንዴት አድርገህ?»

ምሰሶ የቀኑን የንግግር ድርሻ ጨርሷል። ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና መቃኑን ጎንበስ ብሎ አልፎ ወጣ።

«ይሄ ሰውዬ» አለች ቃሪያ ጥርሷን ነክሳ፣ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ይገድለኛል።»

መግደሉን የጀመረው ዛሬ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ለሥራ ልትፈተን ስትመጣ፣ ያኔ ይሠራል የሚባለው ሊፍት ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። ውስጥ እሷና አንድ ረጅም ሰው ብቻ ነበሩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሊፍቱን ረገመች፣ የሕንፃውን ባለቤት ረገመች፣ የራሷን ዕድል ረገመች። ሰውየው አንዴም አላቋረጣትም። ድምፅዋ ሲሰልል ቦርሳውን ከፍቶ የውሃ ጠርሙስ አቀበላትና «ጠጪና ቀጥዪ» አላት። በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን ያኔ አየች፤ ካየች በኋላ መርሳት አልሆነላትም።

ምን ዋጋ አለው፣ ያኔ እጮኛ ነበራት። ቤተሰብ ያመጣው፣ ቤተሰብ የወደደው አንድ ነጋዴ። ነጋዴው ከስምንት ወር በፊት በሦስት ደቂቃ ስልክ «እኔና አንቺ አንሆንም» አላትና ሌላ አገባ። አላለቀሰችም፤ ተናደደች እንጂ። ቀለበቱን አውልቃ በመስኮት ልትወረውር ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት። «የአክስትሽ ልጅ ሰርግ እስኪያልፍ፣ ልጄ፣ በሞቴ! ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ሰው ምን ይለኛል?» ሰርጉ አንዴ በአዳራሽ፣ አንዴ በልብስ ምክንያት ሲራዘም ከረመ። ቀለበቱም ጣቷ ላይ ከረመ።

ምሰሶን መጠበቅ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ታክሲ እንኳ አምስት ደቂቃ መጠበቅ የማትችል ሴት ስምንት ወር ጠበቀች! የሚንገዳገደው ጠረጴዛዋ አንድ ጠዋት ቀጥ ብሎ ስታገኘው ማን እንዳስተካከለው ታውቃለች። ፀሐይ ዓይኗን ልትወጋት ስትል መጋረጃው ተስቦ ታገኘዋለች፤ ማን እንደሳበው ታውቃለች። በዘነበ ቁጥር በሩ አጠገብ ባለቤት የሌለው ጃንጥላ ይቆማል፤ ባለቤቱንም ታውቃለች። ይሠራል፣ ዝም ይላል። «አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል» ስትል ከርማ፣ ይኸው ዛሬ ተናገረ። «ሥራ ለቀቅኩ» ብሎ!

ወንበሯ ላይ ዘፍ አለችና ማሽኗን ከፈተች። ቢያንስ ምን ጥፋት አጥፍቶ እንደሚሄድ ልወቅ ብላ ነው።

የጓዳ ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ቀጠሮ ያያል፣ አንዱ መልእክት ይልካል፣ አንዱ ያልደረሰውን ደግሞ ይሞክራል። ሦስቱም ከአንድ እናት ክላስ፣ ማለትም ከአንድ የኮድ ንድፍ፣ የተወለዱ ናቸው። እነ ቃሪያ በሚጽፉበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ እናት ክላስ የምታውቀውን ልጆቿ ሳይማሩ ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚነሱ፣ እንዴት እንደሚተኙ ከእሷ ይወርሳሉ። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የሚባለው እዚህም ይሠራል። ሦስት ልጆች በአንድ ቀን ከታመሙ በሽታው የእናትየው ነው።

እናትየውን የጻፈቻት ደግሞ ቃሪያ ናት።

ሠራተኞቹ የሚነሱበትን ክፍል አወጣችና መስመር በመስመር አነበበችው። የጓዳ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ «ውስጥ ሰው አለ፣ ቁጥሬ ይህ ነው» የምትል ትንሽ ፋይል። ሁለት ሠራተኛ አንድ ሥራ ላይ ገብተው ለአንድ ታካሚ ሁለት ሁለት መልእክት እንዳይልኩ ነው። ሲጨርስ ወረቀቱን ቀዶ ይወጣል። አርብ ግን መብራቱ ድንገት ድርግም ሲል ሠራተኞቹ ወረቀታቸውን ሳይቀዱ ሞቱ። አዲሶቹ መጡ፣ በሩን አዩ፣ «ሰው አለ» ይላል፣ ተመለሱ። ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። «መግባት አቃተን» ብለው የሚጮኹበት አፍ እንኳ አልሰጠቻቸውም።

ማንኳኳት ነበረባቸው። «ቁጥር እገሌ፣ በሕይወት አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፤ መልስ ከሌለ ወረቀቱን ቀዶ መግባት። ሁለት መስመር ኮድ ነው። ያንን ሁለት መስመር አልጻፈችውም።

ሦስቱን ወረቀቶች በእጇ አጠፋቻቸውና ሠራተኞቹን ቀሰቀሰች፤ ወዲያው ተነሡ። ከዚያ የኮዱን መዝገብ ገለጠች። እነሱ ዘንድ አንድ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው አይቶ ሳያሳልፈው ሥራ ላይ አይውልም። ጸሐፊ በሚለው ቦታ የእሷ ስም አለ። «አይቼዋለሁ፣ ይለፍ» ከሚለው ጎን የምሰሶ ስም አለ።

ከተቀመጠችበት ስትነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። አላነሳችውም።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

ጋሽ ነገ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዛሬ ምን ጉድ ነው? ጥፋት ዳቦ ሆነ እንዴ፣ የምትሻሙት?»

ነገረቻቸው። ወረቀቱን፣ በሩን፣ ያልተጻፉትን ሁለት መስመሮች ሁሉ። «ማባረር ካለብዎት እኔን ያባሩ» አለች። «ያንን ሰውዬ ግን ማንም ጠበቃ አላደረገውም።»

«እሱ በዚህ ብቻ የሚሄድ አይመስለኝም።» የምሰሶን ደብዳቤ ወደ እሷ ገፉት። «ቀኑን እስቲ እይው።»

ሐሙስ ይላል። መብራት ከመጥፋቱ ከአንድ ቀን በፊት። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ እሑድ ይሄዳል። ቃሪያ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጥፋቱ ሰበብ ነው እንጂ ሰውየው ቀድሞ ሊሄድ ተነስቷል። ሊሄድ ነው፣ እሷ ደግሞ ጃንጥላ ስትቆጥር ከርማለች።

«ለምን?» አለች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ከእኔ ጋር በዓመት አራት ቃል ነው የሚያወራው።» ደብዳቤውን መልሰው ወሰዱና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ይሄን ነገ አየዋለሁ።» ያ መሳቢያ ውስጥ የገባ ወረቀት ወጥቶ አያውቅም። «ያንቺንም ጉዳይ ነገ...» አሉና አቋረጡ። በመስኮቱ ቁልቁል፣ ግቢው ጥግ አቧራ ለብሶ የቆመውን ጄነሬተር አዩት። ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ዛሬ!» አሉ።

ቃሪያ ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምታ አታውቅም።

«ዛሬ፣ አሁን፣ ሁለታችሁም ክሊኒኩ ትሄዳላችሁ። ፕሮግራም የለም፣ መልእክት የለም። መቶ ሠላሳ ሁለቱንም ሰው በስልክ፣ በገዛ አፋችሁ፣ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ፤ አዲስ ቀጠሮም ትሰጣላችሁ። እኔም የጄነሬተሩን ሰውዬ አሁኑኑ እጠራለሁ።»

ምሰሶን ሰርቨሮቹ ክፍል አገኘችው፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ገመድ ይጠቀልላል። ክፍሉ ይበርዳል፣ ማሽኖቹም ይጮኻሉ። እሷ ከማሽኖቹ በላይ ጮኸች።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ማነው ጥፋቴን ተሸከምልኝ ያለህ? ሕፃን ነኝ? አፍ የለኝም?»

«አፍስ አለሽ» አለ።

«አትቀልድ! ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«ይለፍ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።» ገመዱን አንድ ዙር ጠቀለለ። «አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«አለህ ወይ ብሎ እንደማይጠይቅ። ያኔውኑ አይቼዋለሁ።»



«አይተህ ዝም አልክ?»

«በጣም ደስ ብሎሽ ነበር። እናትየው ተወለደች ብለሽ ለሁላችንም ኬክ ገዛሽ። ያንን ማበላሸት... በኋላ ራሴ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ረሳሁት።»

«ኬክ!» አለች። «ለኬክ ብለህ! ለእኔ ፈገግታ ብለህ መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው ቤቱ አስቀመጥክ!»

«ለዚህ ነው የእኔ ነው ያልኩት።»

«ግማሹ የአንተ ነው! ሙሉውን ማን ሰጠህ?»

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «እንዲህ ብለው ነው ያሳደጉኝ።»

«ዝንብስ አይገባም፤ እህልም አይገባም!» አለችው። «እሺ፣ ደብዳቤውስ? ሐሙስ የጻፍከው? ሐሙስ ዕለት ምን ጥፋት ነበረ?»

ዝም አለ። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ስትሰለቸው እሷው ሌላ ወሬ ታነሳለች፣ እሱም ያመልጣል። ዛሬ አላነሳችም። እጆቿን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች።

«ከሰርግሽ በፊት መሄድ ፈልጌ ነው» አለ ገመዱን እያየ።

«ከምኔ?»

«ከሰርግሽ። ለሚቀጥለው ወር የሰርግ ፈቃድ ጠይቀሻል።»

«የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው!»

ገመዱ ከእጁ ወድቆ ተተረተረ። ቀና ብሎ ጣቷን አየ። «ቀለበቱስ?»

«ቀለበቱማ የሞተ ሠራተኛ ወረቀት ነው!» አለች፤ ድምፅዋ ጣሪያ ነካ። «ሰውየው ከሄደ ስምንት ወሩ! አግብቷል፣ ሊወልድ ነው! ስምንት ወር ሙሉ በሬ ላይ ወረቀት እያየህ ስትመለስ ከረምክ? አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ ሰው አለ ወይ ብለህ አታንኳኳም?»

ብላ ስትጨርስ ራሷ ያለችውን ሰማች። ያልጻፈቻቸው ሁለት መስመሮች ትዝ አሏት። እሱም ትዝ ብሎታል መሰል ቀስ ብሎ ተነሳና ቁመቱን ሙሉ ቆመ።

«ሳያንኳኩ እንዲመለሱ አድርገሽ የጻፍሻቸው አንቺ ነሽ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ በሁለት ዓመት የመጀመሪያው። «ለምን አላወለቅሽውም? ለማን ነገርሽ?»

«ለሬዲዮ ነግሬያታለሁ!» ሬዲዮ የምትባለው እንግዳ ተቀባይዋ ናት፤ ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ሕንፃው በሙሉ ይሰማዋል። «እሷ ካወቀች ሁሉም ያውቃል ብዬ! በሕይወቷ ምስጢር ጠብቃ የማታውቅ ሴት፣ የእኔን ስትጠብቅ!»

«እኔ ግን አላወቅኩም። በየቀኑ ያንን ቀለበት እያየሁ ጃንጥላ ሳስቀምጥልሽ ምን ይሰማኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም! ነግረኸኝ ታውቃለህ? ንገረኛ! ይኸው ቆሜያለሁ፣ አሁን ንገረኝ!»

አፉን ከፈተ። ከዚያ አፉን ዘጋው።

«ተወው» አለች። እንባዋ መጣ፣ መምጣቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «ተነስ፣ ክሊኒክ እንሂድ። ሰው ይጠብቀናል። ከዚያ ወዲያ ወደፈለግክበት ሂድ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

ከመውጣታቸው በፊት መታጠቢያ ቤት ገብታ ጣቷን በሳሙና አሸችው። ቀለበቱ እንቢ አለ። ተሳደበችና ደግማ ሳበችው፤ ወጣ። ታክሲ ውስጥ እሱ ከመስኮቱ፣ እሷ ከሌላው መስኮት ተለጥፈው ሲሄዱ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ አወለቅኩት።»

«ምኑን?» ከዚያ ገባት። «አንቺ ልጅ! ሰርጉ እኮ ወር አልቀረውም! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ዝም ነው የሚለው እማዬ። ምንም አይልም። ጣትሽን አይቶ ሄዶ ሥራ ይለቃል።» በጎን ምሰሶን ገላመጠችው። ጆሮው ቀልቷል።

«ማን ነው ሥራ የለቀቀው?» አለች እናቷ።

«ማንም» አለችና ዘጋችው።

ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍሉ ጥግ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክና የስም ዝርዝሩን ሰጣቸው። አግዳሚዎቹ ላይ ሃያ የሚሆኑ ታካሚዎች ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ቃሪያ ከላይ ጀመረች፣ ምሰሶ ከታች። እሷ ለእያንዳንዱ ሰው ችግሩን ነገረች፣ ተሰደበች፣ ስድቡን ዋጠች፣ ቀጠሮ ሰጠች። እሱ ደግሞ፣ ይገርማል፣ ይናገር ነበር። ቀስ ብሎ፣ እየተንተባተበ፣ ላቡን እየጠረገ። በአንድ ከሰዓት የሁለት ዓመት ንግግር ወጣው። ላለመስማት እየሞከረች እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

ምሰሶ ሠላሳ ሁለተኛው ሰው ላይ ሲደርስ፣ ከስልኩ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው።

«ማነህ? አይሰማኝም!»

«እማማ፣ ከዓይን ክሊኒኩ ነው...»

«ምን? ምን ትላለህ?»

«ከክሊኒኩ ነው፤ ምናልባት ጆሮዎን...»

«ስማ ልጄ! የታመመው ዓይኔ ነው። ጆሮዬ ደህና ነው። አፍ የሌለህ አንተ ነህ!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ምሰሶ ትንፋሹን ሳበና ድምፁን ለቀቀው። «ይቅርታ ያድርጉልን እማማ! መልእክት ሳንልክልዎ ቀረን! ጥፋቱ የእኛ ነው!»

የእኛ አለ። ቃሪያ እጇ ላይ ባለው ስልክ መደወሏን አቆመች።

«ኧረ አሁን ተሰማህ» አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ረገብ አለ። «ሦስት ቀን ስልኩን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ልጄን በየሰዓቱ አንብቢልኝ እላታለሁ፣ ምንም የለም ትለኛለች። እናንተ ዝም ስትሉ እኔ የተረሳሁ መሰለኝ። ይሄን ያህል ዘመን ኖሬ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ዝም ሲባል ክፉ ክፉውን ነው የሚያስበው። ነይም በሉኝ፣ አትምጪም በሉኝ፤ ዝም ግን አይባልም ልጄ። ነውር ነው።»

«ነውር ነው እማማ» አለ ምሰሶ።

የስልኩን እጀታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወደ ቃሪያ ዞረ። ባዶ ጣቷን አየ፤ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጭ መስመር ሆኗል።

«ሰው አለ ወይ?» አላት በሹክሹክታ።

ሰምታዋለች። አጥንቷ ድረስ ዘልቋል። ግን ስምንት ወር እንዲህ በሹክሹክታ አይከፈልም!

«አልሰማሁም» አለች።

«ሰው አለ ወይ... ልብሽ ውስጥ ማለቴ ነው።»

«ጆሮዬ ደህና ነው» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «አፍ የሌለህ አንተ ነህ።»

ምሰሶ ተነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«እወድሻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ከሊፍቱ ቀን ጀምሮ! ስትሳደቢ እወድሻለሁ፣ ኬክ ስትገዢ እወድሻለሁ! መሄድ አልፈልግም፤ ፈልጌም አላውቅም! ሰው አለ ወይ ብዬ እየጠየቅኩሽ ነው!»

አንዲት ነርስ በሩ ላይ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ቃሪያ ለስምንት ወር ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት፤ በተራ በተራ፣ አንዱ ከአንዱ የከፋ። አንዱም አልመጣላትም። እንባዋ ወረደ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጣች።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ ከተጋደመው እጀታ ያ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ! ማንም ሁኚ ማን! እኔ እንኳ እዚህ ሆኜ ሰማሁት፤ መልሺለት እንጂ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቃሪያ እጀታውን አነሳችው። «እየመለስኩለት ነው እማማ፤ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለች በተዘጋ አፍንጫ፣ እና ወደ እሱ ቀና አለች። ንዴቱ አሁንም ጉንጯ ላይ ነበር፤ ፈገግታው አልፎት መጣ እንጂ አልጠፋም።

«ማንም የለም» አለችው። «ስምንት ወር ሙሉ ማንም የለም። ግባ እንጂ፤ ምሰሶ ሆነህ በር ላይ ትቀራለህ እንዴ?»